ዘጠነኛው ማድረቂያ ሲመጣ፦ «ላብቪው ላይ ቁልፍ መጨመር አይቻልም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሙያ ባልደረባችን የጻፉት ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። እዚህ አዳማ ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞርን ሴንሰርና ኮምፒውተር የምናገናኝ ሰዎች ብዙ አይደለንም። ስለዚህ ሁላችንም ጋ ደርሷል። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን አጭር ነው። ላብቪው በተባለው የመለኪያና የቁጥጥር ፕሮግራም መሥሪያ ቋንቋ የተሠራ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ስክሪኑ ላይ አዲስ ቁልፍ፣ አዲስ የቁጥር ሳጥን ወይም አዲስ መብራት መጨመር አይችልም፤ ስለዚህ ቋንቋው ጎዶሎ ነው ይላሉ። መውጫ ብለው ያቀረቡት ስክሪፕቲንግን (ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም እንዲስል ማድረግን)፣ እሱ ካልሆነ ደግሞ ብዙ ቁልፍ ደብቆ አስቀምጦ በተፈለገ ጊዜ ማሳየትን ነው። አሬይ፣ ማለትም ተመሳሳይ ነገሮችን በተራ የሚይዝ ዝርዝር፣ አይረባም ብለዋል። ከሁሉም የሚሻለው ጠቅልሎ በጽሑፍ ወደሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ ወደ ፓይተን መሄድ ነው ብለዋል። በመጨረሻም ኦፕሬተሩ ራሱ ስክሪኑን እንደፈለገ መቀያየር መቻል አለበት ይላሉ።

ጸሐፊውን አከብራቸዋለሁ። ትክክል ያሉትም አለ፤ እሱንም እናገራለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ግን በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ከዚሁ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። ጽሑፉን አንብቦ ደወለልኝና «ጋሼ፣ አራት ወር የለፋሁበትን ልተወው እንዴ?» አለኝ። እንዳትተወው አልኩት። ለምን እንደሆነ በስልክ ማስረዳት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ላብቪውን ነክቶ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። በላብቪው ፕሮግራም የሚሠራው ጽሑፍ በመጻፍ ሳይሆን በመሳል ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሁለት ገጽ አለው። አንዱ ፍሮንት ፓነል ነው፤ ቁልፉ፣ መለኪያው፣ ግራፉ ያለበት፣ ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ። ሌላው ብሎክ ዳያግራም ነው፤ ሥራው በሳጥንና በሽቦ የሚሳልበት። መረጃ በሽቦው ውስጥ ይፈሳል። አንድ ሳጥን ሥራውን የሚጀምረው በሽቦ የሚመጣለት ሁሉ ሲደርሰው ነው። ፓነሉ ላይ አንድ ቁልፍ ስታስቀምጡ ዳያግራሙ ላይ ተርሚናል የሚባል ወኪሉ አብሮ ይወጣል። ይህን ያዙልኝ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ፕሮግራሙ እየሠራ ቁልፍ መጨመር አይቻልም ማለታቸው እውነት ነው። «ስለዚህ ጎዶሎ ነው» የሚለው ግን አይከተልም።

ላብቪው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ነው። የሠራው ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተባለው በቴክሳስ፣ ኦስቲን የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን፣ የላብቪው አባት የሚባለውም ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ጄፍ ኮዶስኪ ነው። በላብቪው የሚሠራ ፋይል እስከ ዛሬ «ቪአይ» ይባላል፤ ሲተረጎም ምናባዊ መሣሪያ ማለት ነው። ሐሳቡ ከስሙ ይገባል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ኦሲሎስኮፕ ፊቱ ላይ ቁልፍ አለው፣ ከጀርባው ሽቦ አለው። እየለካ ሳለ ፊቱ ላይ አዲስ ቁልፍ አይበቅልም። ላብቪውም የተሳለው በዚያ አምሳል ነው። ፕሮግራሙ ከመሥራቱ በፊት ዳያግራሙ ወደ ማሽን ቋንቋ ይተረጎማል። መሥራት ከጀመረ በኋላ ገጹ ይቆለፋል፤ ከተተረጎመው ውጭ አዲስ ሽቦ የሚስብ የለም።

ጸሐፊው ይህን እንደ ግድግዳ ነው ያዩት። እስቲ በቤታችን እናስበው። ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ ቢለጥፍላችሁና ቢሄድ፣ ከጀርባው ሽቦ ካልተሳበ ምን ያበራል? ምንም። ማብሪያው ጌጥ ነው። ስክሪን ላይ ያለ ቁልፍም እንደዚያው ነው። ቁልፉ ሲጫን ምን ይሁን የሚለውን ቀድሞ ያሰበና የሠራ ሰው ከሌለ፣ ቁልፉን መጨመር ሥዕል መጨመር ነው። በፓይተንም በሲ ሻርፕም ይሄ አይቀየርም። እዚያም ፕሮግራሙ እየሠራ የተጨመረው ቁልፍ የሚጠራው ሥራ ቀድሞ የተጻፈ ነው። በሩጫ ላይ የምንጨምረው ነገር ሁልጊዜ ቀድመን የምናውቀው ነገር ሌላ ቅጂ ነው። ሰባተኛ ማድረቂያ፣ ስምንተኛ ፓምፕ፣ አሥራ አንደኛ ታንከር።

የሚያድገው ቁጥሩ ነው ማለት ነው። ቁጥር ደግሞ መረጃ ነው። ለመረጃ ማደግ ደግሞ ላብቪው ቦታ አለው። የእኔ መልስ በሙሉ ከዚህች ሐሳብ ነው የሚወጣው።

በነገራችን ላይ ገደቡ የላብቪው ብቻ አይደለም። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውና ኋላ ኤምአይቲ የተረከበው አፕ ኢንቬንተር የሞባይል መተግበሪያ በብሎክ የሚሠራበት ነው። እዚያም ቁልፎቹ በዲዛይን ገጹ ላይ አስቀድመው ይቀመጣሉ፤ ከራሱ ጋር በሚመጡት ብሎኮች አዲስ ቁልፍ መውለድ አይቻልም። በምትኩ «ማንኛውም ቁልፍ ሲነካ» የሚል ብሎክ አለው፤ የትኛው እንደተነካ ይነግራችኋል፣ ሥራውን አንዴ ትጽፉታላችሁ። ሥዕልን ፕሮግራም ያደረገ ሁሉ እዚሁ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፤ መልሱም ይቀራረባል።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ስሙን ከማልጠራው አንድ የፓስታ ፋብሪካ ነው የተማርኩት። ስድስት ማድረቂያ ክፍል ነበረው። ፓስታ ሲደርቅ ሙቀቱም እርጥበቱም በልክ መሆን አለበት። ውጩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከቀረ፣ ኋላ ላይ ይሰነጠቃል፤ ካርቶን ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይቀር። ለስድስቱ ማድረቂያ ስድስት ሳጥን ሳልኩ። በየሳጥኑ የሙቀት ቁጥር፣ የእርጥበት ቁጥር፣ የፋን መብራትና የማስጠንቀቂያ መብራት። ዳያግራሙ ላይ ደግሞ ስድስት ቦታ ተመሳሳይ ሽቦ ሳብኩ። ባለቤቱ ሁለት ማድረቂያ ጨመሩ። ኮፒ አደረግሁ፣ ለጠፍኩ፣ ሽቦውን አዛወርኩ። አንዷን ሽቦ ግን ረሳኋት። የሰባተኛው ሳጥን የሚያሳየው የአራተኛውን ሙቀት ሆነ። ሁለት ሌሊት እንዲህ ሠራ። ቁጥሩ ልክ የሚመስል ቁጥር ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። በሦስተኛው ቀን የተሰነጠቀ ፓስታ ይዘው ጠሩኝ። ያን ፓስታ በእጄ ይዤ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ላብቪው ቁልፍ መጨመር ስላልቻለ አልነበረም። እኔ አንድን ሥራ ስምንት ጊዜ ስለሳልኩት ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ስክሪፕቲንግ ነው። ይሄ በአጭሩ ያልቃል። ቪአይ ስክሪፕቲንግ ላብቪውን በላብቪው መሳል ነው፤ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራም ይስላል። ከላብቪው 2010 ጀምሮ ለሁሉም ተከፍቷል። ቆንጆ መሣሪያ ነው፤ እኔም ተመሳሳይ ፋይል በብዛት ሳዘጋጅ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን የሚስለው እየሠራ ያልሆነ ፋይል ላይ ነው። ፋብሪካ የምናስገባው ደግሞ ኢኤክስኢ (ለብቻው የሚሠራ ፋይል) አድርገን ያሸግነውን ነው። ያ ሲሠራ ከሥሩ ያለው ራንታይም ኢንጂን የሚባለው ማስኬጃ ብቻ ነው፤ መሳያውም መተርጎሚያውም እዚያ የለም። ስለዚህ ስክሪፕቲንግ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ ፋብሪካ ሲገባ ይቆማል። ጸሐፊው ይህን ሳይናገሩ መውጫ ብለው ማቅረባቸው ወጣቶቹን የሚጎዳ ይመስለኛል። አንድ ሰው ወር ሠርቶበት በማስረከቢያው ቀን ነው የሚያውቀው።

ሦስተኛው መደበቅና ማሳየት ነው። እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። የነገሩ ብዛት በተፈጥሮው የተወሰነ ከሆነ ጥሩ ነው። ለአራት ፓምፕ ብቻ ቦታ ያለው የውሃ ጣቢያ ላይ አራት ሳጥን ስሎ ሁለቱን መደበቅ ምንም ነውር የለውም። ጸሐፊው ግን ስልሳና ከዚያ በላይ ደብቁ ነው የሚሉት።

ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ስትመጡ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ተርባይኖች ታያላችሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 34 ነው፣ ሁለተኛው 102። በድምሩ 136፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ ሁሉም አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት። እስቲ አንድ ሰው መጥቶ ለእነዚህ የክትትል ስክሪን ሥራልኝ አለኝ እንበል። ለእያንዳንዱ የነፋስ ፍጥነት፣ የሚያመነጨው ኃይል፣ የጄኔሬተር ሙቀትና የሥራ ሁኔታ ብቻ ላሳይ። አራት ጊዜ 136፣ 544 ነገር ፓነሉ ላይ ይቀመጣል። 544 ተርሚናል ዳያግራሙ ላይ ይተኛል። እያንዳንዱን ለመደበቅና ለማሳየት ፕሮፐርቲ ኖድ ያስፈልጋል፤ እንደ መታየትና ቀለም ያለውን የቁልፍ ባሕርይ (ፕሮፐርቲ) የሚቀይር ሳጥን ነው። ፕሮፐርቲ ኖድ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው የስክሪኑን ሥራ በሚያከናውነው አንድ የሥራ መስመር (ክር) ላይ ተራ ጠብቆ ነው። በሉፕ (ሥራን በሚደጋግም ዑደት) ውስጥ 544 ጊዜ ስትጠሩት ስክሪኑ ሲንገዳገድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የፓነሉን መታደስ ለጊዜው የሚያስቆም ፕሮፐርቲ አለ፤ ያግዛል። ቢሆንም 137ኛው ተርባይን የተተከለ ቀን እንደገና ወደ ዳያግራሙ ትመለሳላችሁ። ችግሩ ለሌላ ቀን ተላለፈ እንጂ አልተፈታም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። አሬይ አይረባም ብለዋል። ምክንያታቸው፣ አሬይ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ መልክ ነው ያላቸው፤ አንዱን ቀይ ሌላውን አረንጓዴ ማድረግ አይቻልም የሚል ነው። ይሄ የብዙዎቻችን ስህተት ነው። እኔም ለዓመታት ያመንኩት ነገር ነው።

በመጀመሪያ ምን እንደምንሠራ ልናገር። የአንድ ማድረቂያን ነገር ሁሉ አንድ ክላስተር፣ ማለትም የተለያየ ዓይነት መረጃ አብሮ የሚይዝ ጥቅል፣ ውስጥ እናስቀምጣለን፦ ስም፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ፋን፣ ማስጠንቀቂያ። ከዚያ ያን ክላስተር አሬይ ውስጥ እናስገባዋለን። አሁን ፓነሉ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ዳያግራሙ ላይም አንድ ተርሚናል፣ አንድ ሽቦ። ማድረቂያው ስድስት ሲሆን ስድስት ረድፍ ያሳያል፤ ዘጠኝ ሲሆን ዘጠኝ። ስንት ረድፍ ይታይ የሚለውንም ፕሮግራሙ እየሠራ በፕሮፐርቲ መቀየር ይቻላል። ለዓይን የሚታየው ውጤት ጸሐፊው የሚመኙት ነው፤ አዲስ ረድፍ፣ ከነቁልፉ ከነመብራቱ፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ከኋላ የተጨመረው ግን አሬዩ ላይ አንድ ኤለመንት (አንድ አባል) ብቻ ነው። ሥራው አንድ ፎር ሉፕ ውስጥ አንዴ ተስሏል። የረሳኋት ዓይነት ሽቦ እዚህ ልትኖር አትችልም፤ አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያለው።

ወደ መልኩ እንምጣ። በአሬይ ውስጥ ያሉ ኤለመንቶች ፕሮፐርቲያቸውን ይጋራሉ፤ ይህን ልክ ብለዋል። የማይጋሩት እሴታቸውን ነው። ላብቪው ውስጥ ደግሞ ከለር ቦክስ የሚባል ነገር አለ። ትንሽ ባለ ቀለም ሳጥን ናት። እሷ ጋ ቀለሙ ፕሮፐርቲ አይደለም፤ ራሱ እሴቱ ነው። ክላስተሩ ውስጥ አንዲት ከለር ቦክስ አስቀምጡ። ሰፋ አድርጋችሁ ከሙቀት ቁጥሩ ጎን አኑሯት። አሁን እያንዳንዱ ረድፍ የራሱን ቀለም በሽቦ ይቀበላል። የአራተኛው ቀይ፣ የአምስተኛው አረንጓዴ፣ የሰባተኛው ግንኙነት ስለተቋረጠ ግራጫ። ይህችን ነገር ለልጁ ያሳየሁት ቀን ላፕቶፑን ወደ ራሱ ስቦ ሁለት ሰዓት ከፊቱ አልነሣም።

ቁልፍ መጫኑስ? አሬዩ ውስጥ ያለ ቁልፍ ሲጫን ቫልዩ ቼንጅ የሚባለው ኢቨንት (እሴት ተቀየረ የሚል ምልክት) ይነሣል፤ የድሮውንም የአዲሱንም አሬይ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱን በሉፕ ታነጻጽራላችሁ፤ የተለያየው ኤለመንት ቁጥሩ የማድረቂያው ቁጥር ነው። አሥር ደቂቃ የማትፈጅ ሥራ ናት።

አሬይ የማይመችበት ቦታ እንዳለ አልክድም። አንዱን ቁልፍ ብቻ ማደብዘዝ ከፈለጋችሁ አሬይ አይሆናችሁም። ረድፉ ብዙ ሲሆንና ቁጥር ማንበብ ብቻ ሲሆን ባለ ብዙ ዓምድ ሊስትቦክስ (የዝርዝር ሰንጠረዥ) ይሻላል፤ እዚያ የእያንዳንዱን ሴል ቀለም ለብቻ መቀየር ይቻላል። ነገሩ መስመር፣ በመስመሩ ሥር ማሽን፣ በማሽኑ ሥር ሞተር እያለ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ትሪ ኮንትሮል አለ፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ቅርንጫፍ ትጨምሩበታላችሁ።

እኔ ፓስታ ፋብሪካው ላይ የቆምኩት ሁለቱን በማዋሃድ ነው። በስተግራ ዝርዝሩ፤ በስተቀኝ አንድ ሳብፓነል። ሳብፓነል ሌላ ቪአይ ገብቶ ፊቱን የሚያሳይበት መስኮት ነው። ኦፕሬተሯ ከዝርዝሩ አንዱን ማድረቂያ ስትነካ የዚያ ማድረቂያ ሙሉ ገጽ፣ ግራፉ፣ የሙቀት ማስተካከያው፣ የፋን ቁልፉ በቀኝ በኩል ይከፈታል። ገጹን የሳልኩት አንድ ጊዜ ነው። ሪኢንትራንት አድርጌዋለሁ፤ ማለትም አንዱ ሥዕል ለየማድረቂያው የራሱን መረጃ በራሱ ቦታ የሚይዝ ቅጂ ይወጣለታል። ስንት ቅጂ እንደሚወጣ የሚወሰነው ፕሮግራሙ ሲነሣ ነው። ጸሐፊው «በሩጫ ላይ የተወለደ ስክሪን» ይሉት የነበረው ይኸው ነው። ሳብፓነሉ ራሱ አስቀድሞ መሳል እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ግን አንድ ይበቃል። ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ማድረቂያ ነው የሚያስተካክለው።

ፓይተንን በተመለከተ። ፓይተንን እወደዋለሁ፤ የወር ሪፖርት የማወጣው በእሱ ነው። ቁልፍ መጨመር እዚያ አንድ መስመር ነው ማለታቸውም ልክ ነው። ግን ያቺ አንድ መስመር ምን ይዛ እንደምትመጣም ይነገር። አንድ ጓደኛዬ ለሙከራ የጻፈውን አሳየኝ። ከአንድ እስከ ስድስት በሚቆጥር ሉፕ ስድስት «አቁም» የሚል ቁልፍ ፈጥሯል፤ እያንዳንዱ ሲጫን በተራ ቁጥሩ ያለውን ማድረቂያ እንዲያቆም ላምዳ (ስም የሌላት አጭር ትእዛዝ) ሰጥቶታል። ስክሪኑ ላይ ያምራል። አንድ ቁጥርን ሲጫን ስድስተኛው ቆመ። ሦስት ቁጥርን ሲጫን ስድስተኛው ቆመ። ምክንያቱም ላምዳው ተራ ቁጥሩን የሚያየው ቁልፉ በተሠራበት ሰዓት ሳይሆን በተጫነበት ሰዓት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሉፑ አልቆ ቁጥሩ ስድስት ላይ ቆሟል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቁጥሩን የላምዳው ነባሪ እሴት አድርጎ ያኔውኑ ማስያዝ። ግን የማያውቅ ሰው አያውቀውም። ጠረጴዛ ላይ ያለ ሙከራ ስለሆነ ሣቅን፤ ማድረቂያው ውስጥ ፓስታ ቢኖር ግን ሌላ ነው። የእኔ የተረሳች ሽቦና የእሱ ላምዳ አንድ በሽታ ናቸው። የትኛው ቁልፍ የየትኛው ማሽን እንደሆነ የሚያስተሳስረው ነገር ከዓይን ተሰውሯል። ቋንቋ በመቀየር አይድንም።

ወደ ፓይተን ለመሄድ በቂ ምክንያት አንድ አለ፤ ጸሐፊው ግን አልጠቀሱትም። እሱም ገንዘብ ነው። የላብቪው ፈቃድ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚከፈለው፤ ለትንሽ ፋብሪካ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ነፃው ኮሚዩኒቲ እትም ለንግድ ሥራ አይፈቀድም፤ ለመማርና ለግል ሙከራ ግን ይበቃል። አንድ ደንበኛ «ፈቃዱን መግዛት አልችልም» ካለኝ ያለ ምንም ቅሬታ በፓይተን እሠራለታለሁ። ያ ግን የኪስ ጉዳይ ነው። ከቁልፍ መጨመር ጋር አይገናኝም።

የመጨረሻው ነጥባቸው ላይ ነው ከልቤ የምለያቸው። ኦፕሬተሩ ስክሪኑን እንደፈለገ ይቀያይር ብለዋል፤ ይጨምር፣ ይቀንስ፣ ያዛውር። ይህን የሚል ሰው የማታ ሺፍት ላይ የቆመ አይመስለኝም።

አንድ ጊዜ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ዝርዝሩ በሙቀት መጠን ራሱን እንዲያደራጅ አደረግሁት። የሞቀው ማድረቂያ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች ይወርዳል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሺፍቷ ኦፕሬተር ደወለች። «ወንድሜ፣ አራት ቁጥር የት ሄደ? ሁልጊዜ እዚህ ነበር እኮ» አለችኝ። እሷ ስክሪኑን የምታነበው ፊቱ ተቀምጣ አይደለም። ማሸጊያው ጋ ቆማ፣ ስምንት ዘጠኝ እርምጃ ርቃ፣ ቀና ብላ ነው የምታየው። ከዚያ ርቀት ስሙ አይነበብም። አራተኛዋ ረድፍ አራተኛው ማድረቂያ እንደሆነ ዓይኗ ለምዶታል። ያን ሌሊት ቀለሙ ቀይ ሆኖ ያየችው ረድፍ የሌላ ማድረቂያ ነበር፤ ሄዳ የከፈተችው ደግሞ አራተኛውን። በማግስቱ ራሱን የሚያደራጀውን ነገር አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ እኔ በምሠራው ስክሪን ላይ ማድረቂያ ቦታውን አይለቅም። አዲስ ከመጣ መጨረሻ ላይ ይገባል። አንዱ ከተነቀለ ረድፉ ግራጫ ሆኖ ይቆያል እንጂ ከሥሩ ያሉት ወደ ላይ አይሳቡም።

ሌላም አለ። መብራት። እዚህ ከተማ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይነሣል። በሩጫ ላይ የተጨመረ ነገር ሁሉ ፋይል ላይ ካልተጻፈ አብሮ ይሄዳል። ኦፕሬተሯ አምሽታ ያደራጀችው ስክሪን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ይጠፋል። ስለዚህ የማድረቂያዎቹ ዝርዝር የሚኖረው ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው። ለየማድረቂያው አንድ ክፍል አለ፤ ስሙ፣ አድራሻው፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀቱ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ፋይሉን ያነባል፣ ያገኘውን ያህል ረድፍ ያወጣል። ፋይሉን የሚነካው የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ብቻ ነው። ስክሪኑ ይለወጣል፤ የሚለውጠው ግን የሚመለከተው ሰው፣ በቀን፣ አስቦበት ነው።

ጸሐፊው «ገደብ የሌለው» የሚል ቃል ደጋግመዋል። ፋብሪካ ውስጥ ገደብ የሌለው ነገር የለም። የማድረቂያዎቹ ሙቀት መቆጣጠሪያዎች ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩት ሞድበስ በተባለው የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ፣ አርኤስ 485 በተባለው ገመድ ነው። ሞድበስ አድራሻ የሚሰጠው ከ1 እስከ 247 ነው። ገመዱ ራሱ ደግሞ በስታንዳርዱ የሚሸከመው 32 መደበኛ ጭነት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሪፒተር (ምልክቱን አጠናክሮ የሚያሳልፍ መሣሪያ) ይፈልጋል። ስለዚህ የእኔ አሬይ ምን ያህል ያድጋል ብዬ ስጨነቅ አላድርም። ከእኔ ስክሪን በፊት የሚሞላው ገመዱ ነው።

ለደወለልኝ ልጅ የምመክረው እንግዲህ ይህን ነው። የአራት ወር ሥራህን አትተው። ፓነልህ ላይ ስንት ተመሳሳይ ሳጥን እንዳለ ቁጠር። ከሁለት በላይ ከሆነ ወደ አንድ ክላስተር ሰብስበህ አሬይ አድርገው። ቀለም ካስፈለገህ ከለር ቦክስ አስገባበት። ዝርዝሩን ከዳያግራሙ አውጥተህ ፋይል ላይ አኑረው። ሁለት ሳምንት ይፈጅብሃል። ስትጨርስ ዳያግራምህ አንድ ስክሪን ላይ ሳይንሸራተት ይታያል።

ዘጠነኛው ማድረቂያ የተተከለ ዕለት እኔ ሶዶሬ ነበርኩ፤ ቤተሰብ ይዤ። ማንም አልጠራኝም። የጥገናው ኃላፊ መቆጣጠሪያውን ገጠሙ፣ ሁለቷን ሽቦ ከስምንተኛው ቀጠሉ፣ አድራሻውን 9 አሉት። ፋይሉ ላይ የስምንተኛውን ክፍል ገልብጠው ከሥሩ ለጠፉ፤ ስሙንና አድራሻውን ቀየሩ። ፕሮግራሙን አጥፍተው አነሡት። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። «ወጣ» አሉኝ፤ «ዘጠነኛው ረድፍ ወጣ፣ 61 ዲግሪ ይላል፤ በእጅ ቴርሞሜትር ለካሁት፣ እሱም 61 ነው።»